የበግ ጠጉር ጢም

ጢም ማለት ደግሞ፣ በአዋቂ ወንድ አገጭና ጉንጭ ላይ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ የሚበቅል፣ ሲረዝም ማስተዋልን፣ ሲሸብት ፍርድን ያሳያል ተብሎ የሚታመን ጠጉር ነው፣ በዚህ ግቢ ግን ጢም ማለት ከገበያ ተገዝቶ፣ በእንዶድ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ በዱቄት ሙጫ የሴት ልጅ አገጭ ላይ የሚለጠፍ የበግ ጠጉር ነው፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ መምህርት በለጥሻቸው እስከሚገባት ድረስ፣ የሙጫው ነው፣ ሌላ ልዩነት ካለ እነዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ይንገሯት፣ ለዚያም ሳይሆን አይቀርም በቅዳሜ ጠዋት የመጡት።

ቆመዋል። የአዳራሹ በር ላይ፣ ሦስቱም። ግቡ ትላቸዋለች፣ ይገባሉ፣ ተቀመጡ ትላቸዋለች፣ አይቀመጡም፣ የመጣንበትን ሳትሰሚ እንዴት ብለን እንቀመጣለን ልጄ፣ ይላሉ መሪጌታ ወልደ ሚካኤል፣ እሷም ይህን ታውቀዋለች፣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው፣ የቆመ ሽማግሌ እምቢ አይባልም፣ ለልጆቹ ያስተማረችው ራሷ ናት፣ አትቀመጪ፣ አንድ እጅሽን ወገብሽ ላይ አድርጊና ትንሽ አቃስቺ፣ ያኔ ሌላው ሰው በጤናው ያፍራል፣ እያለች፣ እነሆ አሁን በጤናዋ አፍራለች። እሺ እሰማለሁ፣ ብቻ አረፍ በሉ።

የት ይረፉ። በአዳራሹ ውስጥ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሦስቱም መድረክ ላይ ናቸው፣ ለነገው ቴአትር፣ ለሽማግሌዎቹ ትዕይንት ተደርድረው፣ ልምምዱ የተቋረጠው በእነሱ መምጣት ነው፣ መሪጌታ ደረጃውን ወጥተው መካከለኛው ላይ ይቀመጣሉ፣ ሐጂ አሕመድኑር በግራ፣ አያ ይሄነው በቀኝ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ልክ እሷ ልጆቹን በምታስቀምጥበት አኳኋን፣ እሷ ከታች አግዳሚው ላይ ትቀራለች፣ ተመልካች ሆና። ከአቡጀዲው መጋረጃ ጀርባ ልጆቹ አሉ፣ ጢማቸውን አላወለቁም፣ ይሰማታል፣ ኧረ ዝም በይ ሼም ነው፣ ሙጫው በላኝ እኮ፣ አትከኪው ይነሳል። አይሳቁ ብቻ። ከሳቁ አለቀ።

ቴአትሩን ሊያዘጉ ነው የመጡት። ይህን ከተማው ሁሉ ከትናንት ጀምሮ ያውቃል፣ የኮሌጁ ዲንም ታውቃለች፣ እሺ ካልሽም እኔ የለሁበትም፣ እምቢ ካልሽም የለሁበትም ብላ ወደ ደሴ ሄዳለች፣ ስለዚህ የሴት ተማሪዎች ቴአትር ማኅበር ይኑር ወይስ ይፍረስ የሚለው ነገር የወደቀው በበለጥሻቸው አፍ ላይ ነው፣ እሺ ካለች ያበቃል፣ እምቢ ካለች ሽማግሌ የመለሰች ትባላለች፣ ሽማግሌ የመለሰ ሰው ሲሞት ቀባሪ ያጣል ይባላል፣ እስካሁን ሳይቀበር የቀረ ባታይም። እምቢ ትላለች። ወስናለች። አባቶቼ፣ ስላከበራችሁኝ እግዜር ያክብራችሁ፣ እምቢ። ሌሊቱን ሙሉ ስትለማመደው ነው ያደረችው፣ ከእምቢው በፊት ስንት ትንፋሽ እንደምትወስድ ሳይቀር፣ ከአግዳሚው ሥር ግን በአንዱ ጫማዋ ሌላውን ትረግጠዋለች።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ፣ ይላሉ።

ሥሩማ ሽንት ቤት ነው፣ ምን ይደረግ፣ ኮሌጁ በተከፈተ ዓመት፣ ገና እህል መጋዘን ውስጥ ሲማሩ፣ ስለ ሽንት ቤት ጥቅም ትምህርታዊ ቴአትር ይዘጋጅ የሚል ትእዛዝ መጣ፣ በቴአትሩ ውስጥ አልቆፍርም የሚል አባወራ አለ፣ በግቢው ውስጥ ግን ከዘበኛው ከአያ ይሄነው በቀር ወንድ የለም፣ እሳቸውም እኔ ቆፍሬያለሁ፣ አልቆፈርኩም ብዬ በሰው ፊት አልዋሽም አሉ፣ ከዘራቸውን ብቻ አዋሱ፣ ያው እዚያ ጥግ ላይ ተደግፏል፣ አልተመለሰላቸውም፣ አሁንም በዓይናቸው እየፈለጉት ነው። ረጅሟ ማናት፣ በለጥሻቸው ናት፣ ያኔ ተማሪ፣ ከአጅባር ገጠር የመጣች፣ ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ አቤት ማለት ተስኗት ጣቷን ብቻ የምታነሳ፣ አገጯ ላይ የበግ ጠጉር ለጠፉባት፣ ከዘራ አስያዟት፣ ገፍተው አወጧት፣ ከአፏም ድምፅ ወጣ፣ ወፍራም፣ የማይቸኩል፣ የአባቷ እንዳይባል አባቷ ዝግ ያለ ሰው ነው፣ ከየት እንደመጣ እስከዛሬ አታውቅም፣ እኔ በቤቴ፣ አለ ድምፁ፣ በገዛ ሜዳዬ፣ ጉድጓድ ቆፍር የምትለኝ ማናት። ጠላ ስትጠጣ ጢሟ ጽዋው ውስጥ ወደቀ። አወጣችው፣ ጨመቀችው፣ መልሳ ለጠፈችው፣ ከተወችበት ቀጠለች። እንደዚያ ቀን ተጨብጭቦላት አያውቅም።

ትሰሚያለሽ ልጄ። እሰማለሁ መሪጌታ።

አባቷም በኋላ መጥቶ አያት፣ ስንቅ ይዞ የመጣ ቀን፣ ኋላ ቆሞ፣ አላወቃትም፣ ሲያልቅ ውጭ አግኝቷት እነዚያ ልጆች ጎበዞች ናቸው፣ ያ ሰውዬ ግን ክፉ ነው አላት፣ የማን ባል ነው። እኔ ነኝ አባዬ። ስንቁን አቀበላት። ከዚያ፣ ንግግርስ ያውቃል አለ።

አባወራው ግን አልቆፍርም እንዳለ ቀርቷል፣ ቴአትሩ መጨረሻ አልነበረውም፣ የጻፈችው ልጅ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዳ ወባ ይዟት ተኝታ ነበር፣ ታዲያ ምን ቸገረን ሽማግሌ እንላክበት አለች አብራት የምትማረው ኪዳን፣ ኪዳን አሁን አጅባር የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናት፣ ስታስብ እስከ ዛሬ አገጯን ታሻሻለች ይባላል፣ ሦስት ልጆች ጢም ለጠፉ፣ ቆመው ለመኑ፣ አባወራው እሺ አለ፣ መረቁት፣ አዳራሹ አሜን አለ። ከዚያ ወዲህ የማኅበሩ ቴአትር ሁሉ በሦስት ሽማግሌ ያልቃል፣ የጠለፋው በሽማግሌ፣ የደን ጭፍጨፋው በሽማግሌ፣ የወባው ሳይቀር፣ ከትንኟ ጋር እንኳ አይደለም፣ አጎበሩን የገለባ መሸከሚያ ካደረገው ባል ጋር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ባለሙያ ይህ አጨራረስ ግጭቱን ያለዝበዋል ብሎ አስተያየት ሰጠ፣ ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ ሰዉ ግን የሚመጣው ለዚያ ነበር፣ እስኪታረቁ ድረስ እያዛጋ ይጠብቃል፣ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ ነጠላውን አስተካክሎ ይቀመጣል።

አሜን ማስባል ሙያ ነው። ተመርቃ፣ ሌላ ቦታ አስተምራ፣ መምህርት ሆና ወደዚሁ ግቢ ስትመለስና ማኅበሩን ስትረከብ መጀመሪያ ያስተማረችው እሱን ነው፣ ሦስት ቀላል ምርቃት አስቀድሚ፣ ማንም እምቢ የማይለውን፣ ዝናቡን፣ ጤናውን፣ ልጁን፣ አፍ አሜንን ሲለምድ ከባዱን አራተኛ አድርገሽ ጣል፣ የለመደ አፍ ቁልቁለት እንደያዘች በቅሎ ነው፣ ልጓም አይዘውም። መሪጌታ ያኔም ፊት ለፊት ተቀምጠው ነበር፣ ሁልጊዜም ነበሩ፣ በልምምዱም በትርዒቱም፣ ኃጢአት እንዳይሠራ ልጠብቅ ብለው፣ አንድም ቀን ሳይቀሩ ጠበቁ፣ ኃጢአቱም አልተሠራም።

ቴአትሩ መልካም ነበር፣ ይላሉ። ነበር። ሰማች፣ ነበር አሉ። ወላሂ ጥሩ ነበር፣ ይላሉ ሐጂ አሕመድኑር፣ እህል ነጋዴው፣ ለሙት ቤትም ለሠርግ ቤትም አብሽሩ የሚሉት፣ እኔ በስንቱ አልቅሻለሁ። በወባው የሳቅከውንም ተናገር እንጂ ሐጂ፣ ይላሉ አያ ይሄነው፣ ትንኟን እንኳ አስደንግጠሃት። ሐጂ ይስቃሉ፣ በለጥሻቸውም ልትስቅ ነው፣ አትስቂ፣ ሳቅ የእሺ ታናሽ እህት ናት፣ ተነሺ፣ እጅሽን ሥራ አስይዢው፣ ሻይ በፔርሙስ አለ፣ ትቀዳለች፣ ትንሽ ይፈስሳል፣ ታቀርባለች፣ ሻዩ ይቆየን ልጄ፣ ጉዳያችን ሲያልቅ እንጠጣዋለን። ይህንንም ታውቀዋለች። ብርጭቆዎቹ በመድረኩ ጠርዝ ላይ ይደረደራሉ፣ ይጨሳሉ፣ ማንም አይነካቸውም።

ሆኖም፣ ይላሉ መሪጌታ።

መጣ።

ሆኖም ልጆችሽ ጢማቸውን ሳያወልቁ መፍረድ ጀመሩ።

ጀመሩ አይባልም፣ ተጀመረባቸው እንጂ፣ መንገዱ የተዘጋ ዓመት ነው፣ ሚኒባሱ ቆሞ፣ ኔትወርኩ ጠፍቶ፣ ከከላላ በበቅሎ ካልመጣ በቀር ወሬ እንኳ የማይገባበት ዓመት፣ ከቴአትሩ በቀር የሚታይ አልነበረም፣ ያዩትን ደግመው ያዩት ነበር፣ አንድ እሑድ መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ ሁለት ሴቶች አልወጡም፣ በመካከላቸው አንድ ዶሮ፣ አባቶች ፍረዱን አሉ፣ አባቶች ማለት ጢም የለጠፉት ልጆች ናቸው፣ ሁለቱ አፋቸውን ይዘው መጋረጃ ጀርባ ሮጡ፣ ሦስተኛዋ አልሳቀችም፣ ትህትና ናት፣ የከላላ ቄስ ልጅ፣ ያለ ጢም እንደምን አደራችሁ ለማለት እንኳ መሬት መሬት የምታይ፣ ተቀመጡ አለቻቸው፣ በዚያ ድምፅ፣ በወፍራሙ፣ በማይቸኩለው፣ በለጥሻቸው ደነገጠች፣ የጠፋባትን ነጠላ በሌላ ሰው ትከሻ ላይ ያየች መሰላት። ዶሮዋ ትለቀቅ፣ አለች ትህትና፣ ሲመሽ ከገባችበት ቤት ትቅር። ተለቀቀች፣ ሲመሽ ገባች፣ ሁለቱም አሜን አሉ። በሚቀጥለው እሑድ በርከት ያሉ ሴቶች ሳይወጡ ቀሩ፣ ለእውነተኞቹ ሽማግሌዎች ሲያመለክቱ ባልሽን ላኪው የተባሉ፣ ባላቸው ላይ የሚያመለክቱ።

ከዚያ ንግሥቴ። ስሟን ያነሱ ይሆን፣ ያነሳሉ፣ እነሆ፣ የንግሥቴን ነገር ሰምተሻል፣ ሰምቻለሁ መሪጌታ፣ እንዴት አልሰማም፣ እዚሁ ነበርኩ፣ አባቷ ሲሞት የወንዝ ዳሩን እርሻ ወንድሞቿ ያዙት፣ ሽማግሌ ፊት ተመላለሰች፣ ወንድም እያለሽ ምን ጎደለብሽ ተባለች፣ እነማን አሏት፣ እነዚሁ፣ ባለፈው እሑድ ቴአትሩ እንዳለቀ ተነሳች፣ ወንድሞቿ ኋላ ቆመው ነበር፣ ለቴአትሩ ብቻ ነው የመጡት፣ ምስኪኖች፣ ትህትና ጢሟን እያሻሸች ሰማቻት፣ እነሱንም ጠርታ ሰማቻቸው፣ የወንዝ ዳሩ እርሻ ግማሹ የንግሥቴ ነው አለች፣ ከዚያ መረቀች፣ ዝናቡን፣ ጤናውን፣ ልጁን፣ አራተኛ እርሻውን፣ አዳራሹ አሜን አለ፣ ወንድሞቿም አሉ፣ አሜን ያሉትን የሰማ ቤት ሙሉ ሰው አለ። ማክሰኞ ንግሥቴ በሬ ተውሳ አሳረሰች።

ወንድሞቿ ምን ይላሉ መሰለሽ፣ ይላሉ መሪጌታ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዝቅ ሲል ነው መፍራት፣ አሜን ያልነው ለቴአትር ነው እንጂ ለእውነት አይደለም ይላሉ። እስቲ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ንገሪን። አሜኑ የቴአትር አሜን ከሆነ ንግሥቴ በሬውን ትፍታ፣ መሬቱን ትልቀቅ። አሜኑ አሜን ከሆነ ደግሞ ይህ ቤት ቴአትር ቤት አይደለም፣ ሸንጎ ነው፣ ጢም ለጥፎ ሸንጎ የለም። እኛም ለማዳላት አልመጣንም። ማኅበሩ ይረፍ በዪን፣ የንግሥቴን መሬት እኛ እናጸናላታለን፣ ወንድሞቿን እኛ እንይዛቸዋለን።

ጎበዝ። ሌላ ምን ይባላል፣ ይህንን ትዕይንት እሷ ብትጽፈው ከዚህ የተሻለ አይወጣላትም። ቲቸር ልትበላ ነው፣ ይላል መጋረጃው። አልተበላችም፣ እያሰበች ነው። ዝም በሉ ሁለታችሁም፣ ይላል ሦስተኛ ድምፅ፣ ቀጭን፣ የትህትና።

እያሰበች ነው። ሦስተኛ መንገድ አለ፣ ሁልጊዜ አለ፣ በየቴአትሩ ሲጨንቃት ፈልጋ አግኝታለች፣ ጢሙ ይቅርና ማኅበሩ ይኑር፣ ያለ ጢም ትህትና ትናገር ይሆን፣ አትናገርም፣ ዘንድሮ አትናገርም፣ ትንሽ ጊዜ ስጧት፣ ጢሙ እኮ ክራንች ነው፣ ሰው ሳይድን ክራንቹን ይነጥቁታል እንዴ፣ ክራንች አትበይ፣ ይስቁብሻል፣ ወይስ ፍርዱ ይቅርና ቴአትሩ ይኑር፣ ሴቶቹስ ሲያልቅ መቼ ይወጣሉ፣ አይወጡም፣ ወይስ እናንተ ጋ ሁለት ሴቶች ይቀመጡ፣ ሴት ሽማግሌ፣ ያለ ጢም፣ ይህ ነው፣ ይህን በይ፣ አባቶች አንድ ነገር ልጠይቅ በይና ይህን በይ፣ ግን በየትኛው ድምፅ፣ በራስሽ ነዋ፣ በራሴ የተናገርኩት መቼ ነው፣ በየቀኑ ክፍል ውስጥ፣ አይደለም፣ ያ የአባወራው ነው፣ የሽንት ቤቱ አባወራ ነው እስካሁን የሚያስተምረው፣ ጠጉሩ ብቻ ነው የወለቀው፣ ሐጂ ሻዩን ያያሉ፣ ጭሱ ቀንሷል፣ ነገ ሰው ይመጣል፣ የወንዝ ዳሩ አፈር ተገልብጧል፣ ይበቅልበታል ወይስ ይታጠርበታል፣ በይ እንጂ፣ አንድ ትንፋሽ፣ ሁለት፣ አፏን ትከፍታለች።

አንቸኩልሽም፣ ይላሉ መሪጌታ። አስቢበት። እስክታስቢ እንመርቅ።

ይነሳሉ። ሦስቱም። እሷም ትነሳለች፣ ለምርቃት ተቀምጦ የሚቀር የለም፣ እጆቿ ይዘረጋሉ፣ እጅ ማንንም አይጠይቅም።

የንግሥቴን እርሻ ፍሬውን ያብዛላት። አሜን፣ ይህን ማን እምቢ ይላል፣ ያብዛላት። ወንድሞቿን ልብ ይስጥልን። አሜን፣ በእውነት ይስጣቸው፣ ከልቧ ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ያሉትን ልጆቻችንን ያሳድግልን። አሜን፣ ለካ መኖራቸውን ያውቃሉ፣ ከነጢማቸው ሲሰሟቸው ነበር፣ ምንኛ ደግ ናቸው፣ ስንተኛው ነው ይህ፣ ሁለተኛው፣ አይደለም ሦስተኛው፣ ቆይ

ሥራውን የፈጸመውን ይህን ማኅበር በክብር ያሳርፍልን።

አሜን፣ ትላለች። ከሐጂ ቀድማ፣ ከአያ ይሄነው ቀድማ፣ በዚያ ወፍራም፣ በማይቸኩል ድምፅ፣ ከመጋረጃውም ጀርባ አሜን ይላሉ፣ በአንድነት፣ በሙሉ ደረት፣ እንዳስለመደቻቸው።

እጇ ገና እንደተዘረጋ ነው። መሪጌታ ያዩዋታል፣ ፊታቸው ላይ ድል ፈለገች፣ የለም፣ ያለው እፍረት ነው፣ ተማሪ መምህርቱን በፈተና ሲበልጣት የሚያፍረው ዓይነት፣ ጥሩ አስተማሪ ነበርሽ ልጄ ይላሉ። አብሽሪ፣ ይላሉ ሐጂ። መመለስ ትችላለች። አሁን፣ ሳይቀዘቅዝ፣ አባቶቼ አሜን ያልኩት ከልምድ ነው፣ ቆሜ ሳስብ አፌ ቀደመኝ፣ እሱ እውነተኛ አሜን አይደለም ማለት ትችላለች፣ ምላሷ ላይ ነው። ያን ካለች የንግሥቴ ወንድሞችም ይላሉ። ያንኑ ቃል። ምላሷ ላይ ያለውን ትውጠዋለች፣ ሙጫ ሙጫ ይላል። አሜን አሜን ነው፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ ለማንም።

መጋረጃው ይንቀሳቀሳል፣ ትህትና ትወጣለች፣ ጢሙን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች፣ አገጯ ላይ ሙጫው የነበረበት ቀልቷል፣ መሬት አታይም፣ መሪጌታን ነው የምታየው፣ ነገ የሚመጣውን ሰው ምን እንበለው፣ ትላለች። ድምፁ ቀጭን ነው። ግን አዳራሹ ጥግ ድረስ ይሰማል፣ በለጥሻቸው ሰምታው አታውቅም፣ ከየት መጣ፣ መሪጌታም እንዳልጠበቁት ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ሐጂን ያያሉ፣ ሐጂ ሻዩን ያያሉ፣ ልጅቱ ቆማለች፣ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ አትቀመጥም።

ሽማግሌዎቹ ሻዩን ቀዝቅዞ ጠጡት። አያ ይሄነው ከዘራቸውን ከጥጉ አነሱ፣ ረዝሞብኛል አሉ፣ ይዘውት ሄዱ። ማኅበሩ የፈረሰው በምርቃት ነው።